አራት ማርሽ ወደ ኋላ

የምነግራችሁ ነገር ከፊደሉ እስከ አራት ነጥቡ እውነት ነው። እናቴ ትሙት እንዳልል እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ካረፈች ቆየች። አማቴ ይሙቱ እንዳልል ደግሞ፣ አማች በአማቱ ሲምል ሰው መሐላ ነው አይልም፤ ምኞት ነው ይላል። ስለዚህ በራሴ እምላለሁ፤ አንዲት ቃል ብጨምር ይኼ መሪ የለመደ እጄ ማንኪያ ማንሳት ያቅተው።

ማጋነን አልወድም። የሚያጋንኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ አጠገባቸው መቀመጥ ራሱ ያደክመኛል። እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው። ጥፋቴ ብዙ ማየቴ ነው።

ሥራዬ መንዳት ማስተማር ነው። በከተማችን መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ ወይ የኔ ተማሪ ነው፣ ወይ የተማሪዬ ተማሪ ነው፣ ወይ ደግሞ ገደል ገብቷል። በተለይ ወደ ኋላ መንዳት ላይ እኔን የሚያህል ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ገና እየዳኸ ነው። በርሜል ደርድረን፣ ተማሪው በመሃሉ ወደ ኋላ እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ የምንፈትንበት ሜዳ አለን። እኔ ያን ሜዳ እስከ አፍ ገደፉ የተሞላ ሻይ ከፊቴ አስቀምጬ ነው የማልፈው። አንድ ጊዜ ብቻ ተደፍቷል፤ እሱንም ስኳር አንሶት ራሴ ነኝ የደፋሁት።

የታሪኩ ባለቤቶች ግን አማቴና እህታቸው ናቸው።

አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ቤቱ የእሳቸው ስለሆነ እኛ ነን ከእሳቸው ጋር የምንኖረው ማለት ይሻላል። ከቤቱ ጋር ሟቹ ባላቸው ትተውላቸው ያለፉት አንዲት የቤተሰብ መኪና አለች። ከፊት ሁለት ሰው፣ ከኋላ ከተስማሙ ሦስት፣ ከተጣሉ ሁለት ትይዛለች። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል። ሞተሯ ደግሞ የስፌት መኪና ታናሽ ወንድም ነበር፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሥራ ሲጀምር ባለቤቴ "ማነው መኪናዋን ያስነሳት?" እያለች ትወጣ ነበር።

አማቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚህች መኪና በቀር ምንም ላይ አይሳፈሩም። አውቶቡስ ቢሉ እምቢ፣ ታክሲ ቢሉ እምቢ። "እሱ ያስቀመጠኝን ወንበር ትቼ የማንን ወንበር ላሞቅ ነው?" ይላሉ። ታናሽ እህታቸው ደግሞ የባሰባቸው ናቸው። የሚኖሩት ከከተማው በላይ፣ ከዳገቱ ጫፍ ነው፤ በዕድሜያቸው ሞተር ባለው ነገር ላይ ወጥተው አያውቁም። "ሣር ያልበላ ነገር ጉልበቱን ከየት ያመጣል? የሆነ ቀን አለመብላቱ ትዝ ይለዋል" ይላሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንዷ ከአንዲት መኪና በቀር አይወጡም፤ አንዷ ከነጭራሹ አይወጡም፤ በመሃላቸው ዳገቱ አለ። ጉልበት ሳለ በእግር ይጠያየቁ ነበር። ጉልበት ሲከዳ ሰላምታው በስልክ ሆነ።

ያን ዳገት ያላየ ሰው አይፍረድብኝ። ጭልፊት እንኳ ሲወጣው መሃል ላይ አርፎ ትንፋሹን ይሰበስባል። መንገዱ ከተራራው ጎን እንደ ተፈታ መቀነት ተጠምጥሟል፤ በስተግራ አለት፣ በስተቀኝ ባዶ ሰማይ። የኛ መኪና አንድ ጊዜ ሞክራዋለች። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደ ጀበና ፈላች፣ ተንፈቀፈቀች፣ በመጨረሻም ቆማ አለቀሰች። አማቴ ወርደው ኮፈኗን እየዳበሱ "አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ" ሲሏት ሰምቻለሁ።

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። እህትየው ስልክ ላይ የሚናገሩት ድምፃቸው ዳገቱን በእግሩ ወርዶ የሚመጣ እየመሰላቸው ስለሆነ ሁላችንም እንሰማለን።

"እታለም፣ አይኔ እየሄደ ነው።"

"ምን ማለት ነው እየሄደ ነው?"

"ሐኪሙ አየውና ክረምቱን አይሻገርም አለኝ። አንዱ ተዘግቷል። በአንዱ ገና ትንሽ አያለሁ። ፊትሽን ሳላይ እንዳይዘጋ ፈራሁ እታለም። ሌላውን ነገር ሁሉ አይቼዋለሁ።"

አማቴ ስልኩን እንደያዙ ቀሩ። ስልኩን ሲያስቀምጡ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ ያነሱት ይመስል እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መልሰው ተቀመጡ።

እኔ የሰው ዝምታ አልችልም። "እማማ፣ እኔ እወስድዎታለሁ" አልኩ።

"በምን ልጄ?"

"በመኪናዋ ነዋ።"

"እሷ እኮ የደጃችንን ጉብታ ስትወጣ እንኳ እኔ ነኝ የማበረታታት።"

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "አንተ ሰውዬ፣ ራዲያተር እንኳ ክዳን አለው። እናቴን በተስፋ አትቀቅላት።"

"ብያለሁ፤ አልኩ ማለት አልኩ ነው።"

"ብለህማ ታውቃለህ። ያላልከው ምን አለ?"

ያን ቀን አማቴ ምሳ አልበሉም። እኔ ደግሞ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ የሚስቴን ወንድም ፍለጋ ሄድኩ።

የሚስቴ ወንድም በያጅ ነው። የሚሠራበት የቆርቆሮ ዳስ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ከማድ ቤቱ ጎን ነው። ሰፈሩ "ይሆናል" ብሎ ነው የሚጠራው፤ ምክንያቱም ጣሪያዬ ያፈሳል ብትሉት ይሆናል ይላል፣ አያፈስም ብትሉትም ይሆናል ይላል። ዕቅዴን ዘረዘርኩለት። ከከተማው ወጣ ብሎ የድንጋይ መፍጫ አለ። የመፍጫው ኃላፊ የሚነዳት፣ ተራራ ብትገፋ ተራራው ይቅርታ ብሎ የሚያልፍላት ትልቅ መኪና ነበረች። ሰውየው ጠጠር ክምር ላይ አውጥቶ ገለበጣት። እሱ በጤናው ወጣ፤ ገላዋ ተጨራመተ፤ ሞተሩ ግን ጭረት አልነካውም። የመፍጫውን በርና ወንፊት ሁሉ የበየደው የኛው ሰው ስለሆነ፣ ውሰደው ቢሉት አይቆጫቸውም።

"ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ የኋላ አክሰሉን ከነጎማው፣ ሁሉንም አምጥተን እማማ መኪና ውስጥ እንከታለን" አልኩት።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መኪናዋን አየ። ሰማዩን አየ። "ይሆናል" አለ።

ሞተሩ የመጣ ቀን ግቢው ውስጥ የነበረ ወሬ ሁሉ ጠፋ። ጋሪው በሩ ጋ ሲደርስ መሃሉ እንደ አዛውንት ጀርባ ጎብጦ ነበር። ሸራውን ገለጥነው። እኔ እስከዚያ ቀን ሞተር አይቼ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያየሁት የሞተር ግልገል ነው። ይኼ ጥቁርና ሰፊ፣ ዘይት የጠጣ፣ ቧንቧዎቹ እንደ ጥድ ሥር የተጠላለፉ፣ ዝም ብሎ ተኝቶ እንኳ አንድ ነገር የሚያስብ የሚመስል ነበር። ባርኔጣዬን ማውለቄን ያወቅሁት ፀሐይ ሲመታኝ ነው። ሚዛን ላይ ቢወጣ ሚዛኑ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።

አማቴ በርጩማቸውን ይዘው መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

"ይኼ ምኗ ነው?"

"ልቧ ነው እማማ። አዲስ ልብ።"

"ልብ ከሆነ ጥርስ ምን ይሠራለታል?" ካምቢዮው የሚጋጠምበትን ጥርሳም ጎማ በጣታቸው ነኩት። ጣታቸውን ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። "ይኼ ወደ እህቴ ይወስደኛል?" አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለሞተሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ነው የበላን። የድሮውን ሞተር ማውጣት ችግር አልነበረውም፤ ይሆናል ብብቱ ሥር ይዞት ወጣ። አዲሱን ለማስገባት ግን ከግቢያችን ዛፍ ሰንሰለት አሰርን፤ ዛፉ ጎንበስ ብሎ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ምን እንዳለ አይቶ ተመለሰ። ሞተሩ ሲወርድ ቦታው ጠበበው። ይሆናል ላሜራውን ቆረጠ፤ አሁንም ጠበበው። በሾፌሩ እግርና በሞተሩ መካከል ያለውን ግድግዳ ወደ ውስጥ ገፋው፤ ገባ፤ ነገር ግን እግሬን የማስቀምጥበት አጣሁ። እኔ ደግሞ እግሬን ማጠፍ የተማርኩት ያኔ ነው። ኮፈኑ አልዘጋ ሲል ባለቤቴን ሳናስፈቅድ ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገልብጠን፣ ኮፈኑን በክብ ቆርጠን፣ ከላዩ በየድነው። መኪናዋ ባርኔጣ ያደረገች መሰለች።

"ልብሱንስ በምን ልጠብ?" አለች ባለቤቴ ወጥታ።

"አክስትሽን ማየት ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?"

"አክስቴን ንጹሕ ሆኜ ነው ማየት የምፈልገው።"

ይሆናል "ይሆናል" ብሎ ወደ መበየጃው ዞረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የዚህ ቤት ሰዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው፤ አንድ ነገር አልገጥም ካለ ይገለብጡታል። ሟቹ አባታቸው የጀመሩት ነው። ጠረጴዛው በበሩ አልገባም ሲል ገልብጠው አስገቡት። ኮታቸው ሲሳሳ ገልብጠው አሰፉት። በሩ አልዘጋ ሲላቸው ነቅለው፣ ገልብጠው ተከሉት፤ እስከ ዛሬ መቀርቀሪያው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፣ እንግዳ ሁሉ ሰግዶ ነው የሚገባው። ልጆቻቸው በዚህ ነው ያደጉት። እና የኋላ አክሰሉን ለማሰር መኪናዋ ሥር ስንገባ፣ ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ በግራ ሲጠብቅ፣ አክሰሉ ላይ ያለው መቀበያ አፍ በቀኝ ሆኖ ተገኘ። አይገናኙም። እኔና ይሆናል በጀርባችን ተኝተን ተያየን። አክሰሉን ገለበጥነው። ልክክ ብሎ ገጠመ።

የማስነሳቱን ቀን አልረሳውም። አማቴ አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ፤ ጉዞው ዛሬ ነው ብለው ነበር የጠበቁት። ለመንገድ የቋጠሩት ጥቅልልም አብሯቸው ነው። ገባሁና እግሬን አጥፌ ቁልፉን አዞርኩ።

መጀመሪያ የሰማው መሬቱ ነው። እኛ ሳንሰማ በፊት ከእግራችን ሥር አንድ ነገር ነቃ። ቀጥሎ የበርሜሉ ውሃ ክብ ክብ ሠራ። ከዚያ መስኮቶቹ፣ ከዚያ የቆርቆሮው ዳስ ምስማሮች፣ ከዚያ ደረታችን። ድምፁ ጩኸት አልነበረም፤ ከሩቅ የሚመጣ ብዙ ሕዝብ አንድ ላይ የሚያጉረመርም ነበር የሚመስለው። ርግቦች ከጣሪያ ተነስተው አልጮሁም፤ ዝም ብለው ዞሩ። ልብስ ሰፊው ጎረቤት ሥራውን ትቶ አጥሩ ላይ ታየ፤ መቀስ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ይሆናል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ይሆናል ማለቱ ነበር፣ ድምፁ ግን አልወጣለትም። ያችን ቃል ሲያጣት ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አማቴ እጃቸውን ሳፋው ላይ አሳረፉ። እጃቸው ይርገበገባል፤ አላነሱትም። "እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ግቢ ውስጥ አድሮ ነበር?" አሉ በቀስታ።

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች።

አቆምኳት። ሁለተኛ አስገባሁ። ወደ ኋላ፣ በፍጥነት። ሦስተኛን መሞከር አላስፈለገም። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ግን እንደ እርጉዝ ላም ቀስ ብላ ወደ ፊት ተራመደች። ወርጄ ከይሆናል ጋር ተያየን። አክሰሉ ሲገለበጥ ጎማውም ዙሩን ገልብጧል። መኪናዋ አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደ ፊት ሆናለች።

"መልሰን እንገልብጠው?" አልኩት።

"ዘንጉ አይገጥምማ" አለ። በዕድሜው የተናገረው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነው።

ያኔ ቤት ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አማቴ ገብተው ተመለሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ዛሬ መስኮቱን እንጂ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን አላየሁም አለችኝ" አሉ። ጥቅልላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙና መኪናዋን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

ሰው የተፈጠረበትን ምክንያት የሚያውቅበት ቀን አለ። "እማማ፣ ይግቡ" አልኩ። "ወደ ኋላ ነው የምንወጣው።"

"ወደ ኋላ ወደ ላይ?" አለች ባለቤቴ።

"መንገዱ ወዴት እንደምናይ አይጠይቅም። እንድንሄድበት ብቻ ነው የሚፈልገው።"

አማቴን ከፊት፣ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። ባለቤቴና ወንድሟ ከኋላ፣ እይታዬን እንዳይከልሉ አንገታቸውን ቀብረው። አንገቴን እንደ ጉጉት አዞርኩ፤ ከዚያች ደቂቃ እስከ ጫፉ ድረስ አልመለስኩትም። በከተማው ውስጥ ስናልፍ ሰው ሁሉ የምንመለስ መስሎት ደህና ግቡ ይለን ነበር።

ዳገቱ ሥር ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። እጁን አነሳና የቱ ጋ ቆሞ እንደሚያስቆመን ጠፋው፤ ከፊት ዞረ፣ ከኋላ ዞረ፣ በመጨረሻ በጎን መጣ።

"ወዴት ነው?"

"ሽቅብ።"

"ፊትህ እኮ ወደ ቁልቁል ነው።"

"ፊቴ ነዋ፤ እኔማ እየወጣሁ ነው።"

ጎንበስ ብሎ አማቴን አየ። "እማማ፣ ወደው ነው የተሳፈሩት?"

"የእህቴ አይን ሊጠፋ ነው ልጄ። ስንመለስ ትቀጣዋለህ፤ እኔው ራሴ አስይዝልሃለሁ።"

ፖሊሱ ወደ መንገዱ ገባና መኪና ሁሉ አቁሞ አሳለፈን።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ። ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ ያየው ዳገቱን ነው። አፍንጫው ላይ አለት፣ ከአለቱ በኋላ ሌላ አለት። እኛ ግን ጀርባችንን ለተራራው ሰጥተን ፊታችንን ለዓለም ሰጠን። አንደኛ ማርሽ ላይ የሰፈራችን ጣሪያዎች ከሥራችን ወረዱ። ሁለተኛ ስገባ ከተማው ሁሉ በአንድ ትሪ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ አላማጠም፤ ያ የብዙ ሕዝብ ጉርምርምታ እንዳለ፣ እኛን መሸከሙን የረሳ ይመስል ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት በአይኔ ጠርዝና በአማቴ ፊት ላይ ነው። በአማቴ ፊት ላይ ያየሁት ይበልጣል።

ከአንድ ኩርባ በኋላ አሸዋ የጫነ የጭነት መኪና ደረስንበት። እያቃሰተ ይወጣል። በጎኑ አለፍነው። እሱ ፊቱ ወደ ላይ፣ እኛ ፊታችን ወደ ታች፤ ስናልፈው ከሾፌሩ ጋር መስታወት ለመስታወት ፊት ለፊት ቀረን። እኛ እየራቅን፣ እሱ እያየን። አማቴ በእጃቸው ሰላም አሉት። ሾፌሩ መጀመሪያ ፍሬን ያዘ፣ ቀጥሎ ኮፍያውን አወለቀ፣ በመጨረሻ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ እጅ ነሳን። ያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ መጠጥ አልቀመሰም ይባላል።

ሦስተኛ ማርሽ ላይ ወንዙ ታየ። አማቴ ወንዙን በድልድዩ ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይተው አያውቁም። አሁን ከተራሮቹ ሥር ወጥቶ፣ ሜዳውን ሁሉ ተጠማዝዞ፣ ሰማዩ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ እንደ ክር ተዘርግቶ ታያቸው።

"ልጄ፣ ቀስ በል" አሉ።

"ፈሩ እማማ?"

"አልፈራሁም። እንዳያልቅብኝ ነው።"

ቀስ አልኩ። ደመና ከጎናችን መጥቶ አብሮን ትንሽ ወጣ፣ ከዚያ ደክሞት ወደ ኋላ ቀረ። በደመናው ቀዳዳ የሌሎች አገሮች እርሻ የሚመስል አረንጓዴ ነገር ታየ። የባለቤቴ እጅ ከኋላ መጥቶ የእናቷን ትከሻ ሲይዝ አየሁት። አማቴ "ይኼ ሁሉ ሲኖር እኔ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር?" አሉ። "እሷ ይህን በየቀኑ እያየች ነው የኖረችው። አሁን ምኑን ታየዋለች?" አራተኛ አስገባሁ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ እህትየው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ድምፁን ከሩቅ ሰምተው ነው የወጡት። ሁለት ቀይ መብራት ወደ እሳቸው ሲመጣ አይተው አልሸሹም። አማቴ በሩን ከፍተው ወረዱ። ሁለቱ አሮጊቶች ፊት ለፊት ቆሙ። ታናሽየው የእህታቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ግንባራቸውን፣ አይናቸውን፣ ጉንጫቸውን አንድ በአንድ አዩ። ነፋሱ እንኳ ያኔ ቆሞ ነበር። ማየት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው፤ እኛ ስናይ የምንኖረው በዘፈቀደ ነው። ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩና ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ተመለከቱኝ። "ይኼ ያመጣሽ መልከ መልካም ማነው እታለም?" አሉ። የሆነው ይኸው ነው።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ፣ ታሪኩ የእሳቸው ነውና ለአማቴ አነበብኩላቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ፖሊሱ ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ። ወንዙ ጋ አይናቸውን ጨፈኑ።

"ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ግን እኛ ዳገቱን አልወጣንም።"

እኔ ወረቀቱን አጠፍኩ።

"መኪናዋ የተነሳች ቀን ወደ ኋላ ሄዳ የማድ ቤቱን ግድግዳ ጣለች፤ እዚያው ቆመች። አንተና ልጄ ልታስተካክሉ ሥሯ ገባችሁ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ነበራችሁ። እኔ እዚችው በረንዳ ላይ ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ። ከዳገቱ ወተት የሚያወርደው መኪና ሾፌር የእህቴን እጅ ይዞ አቁሟታል።"

"እማማ፣ እሳቸው እኮ መኪና ላይ..."

"ወጥታ አታውቅም። መጣች። ያን ዳገት ከላይ እስከ ታች አይኗን ጨፍና ነው የወረደችው። ፈርተሽ ነው ወይ ብላት፣ አይደለም አለችኝ፤ የቀረችኝን ብርሃን ለመንገዱ አላባክንም ብዬ ነው አለችኝ። ፊቴ ድረስ መጥታ፣ እጄን ከያዘች በኋላ ነው የገለጠችው።"

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

"አማቹስ የታል አለችኝ፤ አሳየኋት። ካንተ ያየችው ከመኪናዋ ሥር የወጣውን እግርህን ብቻ ነው። እኔን ግን አይታኛለች።"